ቀላሉን የመረጥኩት ለበቀል ነው

እኔ ቂም እይዛለሁ። ሰው ይህን ስለ ራሱ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እኔ አላደርግም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳ ባዞርኩ ቁጥር ከኋላዬ የሳቀውን ልጅ በድምፁ ለይቼ እይዘው ነበር። ያን ዕለት ምንም አልለውም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቼ፣ ልጁ ነገሩን ጨርሶ ሲረሳው፣ ከባዱን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ስሙን እጠራለሁ። የንስሐ አባቴ ይህን ጠባዬን ያውቁታል። «ኧረ ይቅር በል ልጄ» ይሉኛል። «እሺ አባቴ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ እወጣለሁ፤ ቂሜም አብሮኝ ይወጣል።

ስለዚህ የእድራችን ምክትል ዳኛ በዚያ እሑድ በጉባኤ ፊት ሲያዋርደኝ፣ ነገሩ በዚያ እንደማያልቅ እኔ አውቄ ነበር። ያላወቀው እሱ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ቀብር ተፈጽሞ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳይበተን፣ ቅጥሩ ሥር ቆሜ መዝገቤን እከፍትና ስም እጠራለሁ። «አለሁ» ያለ እንደተገኘ ይጻፍለታል፤ ያልመለሰ «ቀሪ» ይባላል፤ ሲደጋግም ይቀጣል። የቢሮ ኃላፊም ሆነ ባጃጅ ነጂ፣ ስሙን ስጠራ እንደ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልስልኛል። በሥራ ቀን መንገድ ላይ እያስቆሙ «ጋሼ፣ ባለፈው መርጡለ ማርያም ለቅሶ ሄጄ ነው የቀረሁ፣ እንዳይጽፉብኝ» ይሉኛል። ጡረታ ከወጣሁና ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሰው የሚፈልገኝ በዚህ ብቻ ነበር። ጸሐፊነቱን ቢወስዱብኝ ከቤቴ የሚያስወጣኝ ጉዳይ እንደማይኖረኝ አውቀዋለሁ። ምክትሉም ያውቀዋል።

ምክትሉ ከአርባ ብዙም ያላለፈ፣ መሥሪያ ቤት የሚውል፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። በዚያ እሑድ «ለማሳያ ያህል» ብሎ መዝገቤን ከእጄ ወሰደና አንድ ገጽ አነበበ። የአንድ አባል ስም ጠራ፤ ከዚያ «ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ» አለ፤ ሦስት ቀብር በተከታታይ። መዝገቡን ዝቅ አድርጎ ሰዉን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ፣

«ጋሼ፣ ይሄን ሰው እኮ ቀብረነዋል» አለ። «በቀብሩ ላይ ስም የጠሩት ራስዎ ነዎት። ከመቃብር ተነሥቶ እንዲመጣ ነው የሚቀጡት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እንባቸውን በጋቢያቸው የጠረጉ ነበሩ። ስህተቱ የኔ ነው፤ አልክድም። ሰውየው ሲያርፍ ስሙን ከመዝገቡ ሳልሰርዝ ቀርቼ፣ እንደ ልማዴ ጠርቼዋለሁ፤ አልመለሰም፣ ቀሪ ብያለሁ። ግን ስህተትን ጠጋ ብሎ በጆሮ መናገር ይቻላል። እሱ አንድ ወር ሙሉ እንደያዘው ከፊቱ ያስታውቃል። እኔም ተማሪዎቼን እንዲያ ስለማደርግ አውቀዋለሁ።

ሳቁ ሲበርድ፣ «ዘመኑ የኮምፒዩተር ነው» ብሎ ቀጠለ። ያኔ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ሲለውጥ ለእድሩ የሰጠው አሮጌ ላፕቶፕ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከድንኳኑ ገመድ ጎን ከተቀመጠ ቆይቷል። «ኮምፒዩተርማ አለን» አልኩ። «እኔው በዚህ እሠራዋለሁ።»

ምክትሉ ላፕቶፑን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አቧራውን እፍ አለበት። «ይሄማ ለቆራሌው ነው የሚሆን። ቢሠራም ከተማረ ሰው በቀር ማንም አይነካውም። እርስዎ ደግሞ…» ብሎ ተወው።

«እርስዎ ደግሞ» ብሎ አቆመ። ዓረፍተ ነገሩን ቢጨርሰው ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል፣ ጥርሴን ስፍቅም፣ ጫማዬን ሳስርም፣ ያን ዓረፍተ ነገር በየዓይነቱ እየጨረስኩለት ከረምኩ። ያኔ ግን ላፕቶፑን ከእጁ ተቀብዬ በነጠላዬ ጠቀለልኩትና፣ «ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይዤው እመጣለሁ» አልኩ። ዳኛው፣ ሽማግሌ ናቸው ጠብ አይወዱም፣ «ጥሩ፣ ሁለት ወር ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሰው እንመድባለን» አሉ።

ቤቴ ወስጄ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ባትሪው ስለሞተ ቻርጀሩ ትንሽ ከተነቃነቀ ድርግም ይላል። የኪቦርዱ ፊደሎች ግማሾቹ ተፍቀዋል። ሲነሣ አባታችን ሆይ ደግሜ፣ ለዘመድ ለጎረቤት ሁሉ ጸልዬ፣ ምክትሉን ዘልዬ አሜን ስል እንኳ ገና እየተነሣ ነው። ከተነሣ በኋላም አንድ ነገር ከነኩት ይፈዝና ይቀራል። ሦስት ቀን ታገልኩት። በአራተኛው ቀን ይዤው የቀድሞ ተማሪዬ ዘንድ ሄድኩ፤ አሁን በከተማችን የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ናት። በተማሪነቷ ስቃብኝ አታውቅም።

በምሳ ሰዓቷ ከፍታ አየችው። «ጋሼ፣ ማሽኑ አልሞተም» አለችኝ። «የተጫነበት ፕሮግራም ነው የከበደው። ለአዲስ ማሽን የተሠራ ነው፤ ይሄ ሽማግሌ አይችለውም። ቀለል ያለ እንጫንለት፤ በነጻ የሚገኝ።»

«ነጻ ስትዪ የተሰረቀ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ውሰዱት ብለው የለቀቁት ነው። ሊኑክስ ይባላል፤ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሦስቱን በሦስት ፍላሽ እሰጥዎታለሁ። መጀመሪያ አይጫኑት፤ ከፍላሹ ላይ እንዳለ ይሞክሩት። ካልወደዱት ፍላሹን ነቅሎ መተው ነው፣ ማሽኑን አይነካብዎትም።»

ነገሩ ደስ አለኝ። ሰውንም እንዲህ ሞክሮ መንቀል ቢቻል ስንቱን ነቅዬ ነበር።

የመጀመሪያው ፍላሽ ያማረ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሐይቅ ይታያል፤ ሥዕሎቹ ሲነኳቸው እየዘለሉ ይመጣሉ፤ መስኮቱ ሲዘጋ እየቀጠነ ጢስ ይመስል ይጠፋል። ግን ፋኑ ይጮሃል፤ የላፕቶፑ ሆድ እንደ ምጣድ ይግላል፤ አንድ ወረቀት ለመክፈት እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ ውኃ መቅዳት የማይችል ሰው አስታወሰኝ፤ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ነቀልኩት።

ሁለተኛው ጥቁር ነው። ሥዕል የለ፣ አዝራር የለ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም እያለች የምትጽፍላትን ትጠብቃለች። ተማሪዬ የሚጻፉትን ትእዛዞች በአንድ ገጽ ጽፋ ሰጥታኝ ነበር። መጀመሪያ ቀን በስድብ ነው የዋልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ፋይል መክፈት፣ ስም መጻፍ፣ ማስቀመጥ ቻልኩ። ፍጥነቱ ሌላ ነው፤ ጣቴን ከማንሣቴ ሠርቶ ይጠብቀኛል። ትንፋሹም አይሰማ። አንድ ሰረዝ ብትሳሳት አይምርህም፣ አይለማመጥህምም። ወደድኩት፤ ጠባዩ የኔ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። የእድሩን ስም ዝርዝር በዚህ ካስገባሁት፣ ከኔ በቀር አንድም ሰው ሊከፍተው አይችልም። ምክትሉ በተተኮሰ ሸሚዙ ቀርቦ ያቺን ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ እያየ ይቆማል። እስክሞት ድረስ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ብቻዬን እየሳቅሁ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ።

ሦስተኛውን የሞከርኩት ለወጉ ነው። ምንም የሚደነቅ ነገር የለውም። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ከታች አንድ አዝራር አለ፤ ስትነካው ያለው ሁሉ በዝርዝር ይወጣል። ቶሎ ይነሣል፣ አይግልም። ተማሪዬ ባሳየችኝ መሠረት ስክሪኑ መሐል አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ አስቀመጥኩ፤ ሥሩ ለጊዜው በላቲን ፊደል «ስም ዝርዝር» ይላል። ስትነካው ሰንጠረዥ ይከፈታል፤ ከየስሙ ፊት ለየቀብሩ አንድ ባዶ ሳጥን አለ፤ የተገኘ ሰው ሳጥኑ ይነካለታል። ይኸው ነው። በግማሽ ቀን ሰለቸኝ።

ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ሐሳቤ ስለ ፍጥነትና ስለ ፊደል መጠን ነበር ብል እዋሻለሁ፤ የማስበው የምክትሉን ፊት ነው። ጥቁሩን ብመርጥ ጸሐፊነቴ ይጸናል፤ ነገር ግን ሰውየው አያፍርም። «ብያችሁ ነበር፣ ማንም አይነካውም» ብሎ ይቀመጣል፤ እንዲያውም ቃሉ እውነት ይሆንለታል። ቀላሉን ብመርጥ ግን በዚያው ጉባኤ፣ በዚያው አዳራሽ፣ ከሰው ሁሉ «አይችልም» የሚባለውን ሰው አስነሥቼ ላፕቶፑን አስነካዋለሁ። ያ ሰው ሲችለው ምክትሉ ምን ይውጠው? ያን ፊት ለማየት ጓጓሁ። ጥቁሩን ፍላሽ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩትና ቀላሉን ጫንኩት።

«ጥሩ መረጡ ጋሼ» አለችኝ ተማሪዬ በስልክ። «ነገ ሌላ ሰው ቢረከብዎትም አይቸገርም።» እሺ እሺ ብዬ ዘጋሁት። የሰማሁት ጥሩ መረጡ ያለችውን ብቻ ነው።

ከጫንኩት በኋላ ያስቸገረኝ ቀኑ ነው። ማሽኑ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳያል። ሰዓቱም ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሳለ አሥራ አንድ ይላል። የእድር መዝገብ በፈረንጅ ቀን አይጻፍም። ገብቼ ወሩንም ዓመቱንም ወደ እኛው መለስኩት፤ ሰዓቱንም አስተካከልኩ። ከስልኬ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ወደ ፈረንጁ መለሰው። እንደገና አስተካከልኩት፣ እንደገና መለሰው። እልህ ተያያዝን። በመጨረሻ ቀኑን ራሱ እንዲያስተካክል የሚያዘውን ነገር አግኝቼ አጠፋሁት፤ አርፎ ተቀመጠ። ጳጉሜን የማስገባበት ቦታ ብቻ አጣሁ፤ እሱን ለጊዜው ተውኩት።

በማግስቱ የአማርኛ መጻፊያውን ከኢንተርኔት ላወርድ እንደገና ከስልኬ ዳታ አጋራሁት። አንድም ገጽ አልከፍት አለ። የነካሁት ሁሉ ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይመልሰኛል። ስልኬ ላይ ያው ገጽ ወዲያው ይከፈታል፤ ላፕቶፑ ላይ ግን አይሆንም። አራት ቀን ሙሉ እንዲሁ ነው። መብራት ሲሄድ እጠብቃለሁ፣ ሲመጣ እሞክራለሁ፣ ያው ነው። ጉባኤው ሊደርስ ሳምንት ከጥቂት ቀን ቀርቶታል።

በአምስተኛው ቀን አንድ ነገር በአእምሮዬ ውልብ አለ። ላፕቶፑን መደርደሪያው ላይ ሲጠብቅ የነበረው ማነው? የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ማን ዘንድ ነው? ምክትሉ ዘንድ ነው። ከውስጡ አንድ ነገር አውጥቶ ነው የሰጠኝ፤ አለዚያ በሁለት ጣቱ አንሥቶ እንዲያ በንቀት ባልተናገረ። ምንም ማስረጃ አልነበረኝም፤ ማስረጃም አልፈለግሁም። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ሠፈራችን ሱቅ ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ባለቤቱ አጠገቡ ናት፤ ዳቦ የሚገዙ ጎረቤቶችም ቆመዋል።

«ከላፕቶፑ ውስጥ ምን አወጣህ?» አልኩት።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ምን እንዳወጣህ ንገረኝ! እንዳይሠራልኝ ነው አይደል? ሌባ!»

ዳቦ የሚቆጥረው ባለሱቅ እጁን አቆመ። የምክትሉ ባለቤት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እሺ ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ። የባለቤቱን ክንድ ይዞ ሄደ። ያን ዕለት አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቤቴ ተመልሼ ምሳዬን በደንብ በላሁ።

በማግስቱ ላፕቶፑን ተሸክሜ ተማሪዬ ዘንድ ሄድኩና የወጣውን ዕቃ እንድትፈልግልኝ ነገርኳት። ከፍታ አየችው። የስክሪኑን ጥግ አየች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ዓመቱን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። በፈረንጅ ነበር፣ አስተካከልኩት።»

«ይሄን እንግዲህ የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው የሚሠራው» አለች። «ገጾቹ እንደ መታወቂያ ያለ ነገር አላቸው፤ የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን ያለው። የእርስዎ ማሽን ደግሞ ዛሬን ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ነው ብሎ አምኗል። ስለዚህ መታወቂያው ሁሉ ገና ያልተሰጠ፣ የሐሰት ይመስለዋል። ማንንም አላምንም ብሎ በሩን ዘግቷል። የማሽኑን ቀን በፈረንጅ ይተዉት፤ የእኛን ቀን ሰንጠረዡ ውስጥ በእጅዎ ይጻፉ።»

መልሳ አስተካከለችው። ገጾቹ ተከፈቱ፤ የአማርኛ መጻፊያው ወረደ። ከማሽኑ አንድም ነገር አልወጣም ነበር።

ሰው በዚህ ጊዜ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። በምክትሉ ደጅ ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ፤ መብራታቸው ይታየኛል፣ አላንኳኳሁም። «እሱስ በሁለት መቶ ሰው ፊት ሲያዋርደኝ ይቅርታ ጠየቀኝ?» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። የቀሩኝን ቀናት መዝገቡን ወደ ሰንጠረዡ በመገልበጥ አሳለፍኳቸው። እንዳለ ነው የገለበጥኩት፤ የሞተውን ሰው ስም ከነሦስቱ «ቀሪ» ሳይቀር። መዝገብ መዝገብ ነው ብዬ።

የጉባኤው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት፤ ቶሎ ተነሣ። አሠራሩን በአጭሩ ተናገርኩና፣ «ይህን ከተማረ ሰው በቀር ማንም አይነካውም ተብሎ ነበር» አልኩ፣ ምክትሉን እያየሁ። «ማንም እንደሚነካው ላሳያችሁ።»

ማንን እንደማስነሣ ከሳምንት በፊት ወስኛለሁ። የዚያ ሞቶ ሳለ ቀሪ ያልኩት ሰው ሚስት እዚያ ተቀምጣለች። ገበያ ላይ ጌሾ የምትሸጥ፣ ማንበብና መጻፍ በመሠረተ ትምህርት የተማረች፣ በስብሰባ ላይ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ሴት ናት። እሷ ከቻለችው ማንም ይችለዋል፤ ደግሞም በባሏ ስም የሳቁብኝ ሰዎች በእሷው አፋቸውን ይያዙ። «አንቺ ነይ» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካክላ መጣች። ሥዕሉን አሳየኋት፤ ነካችው፤ ሰንጠረዡ ተከፈተ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ ሳታሳርፍ ከስሞቹ ጎን ወደ ታች እያወረደች አነበበች። «የእርስዎን ስም አገኘሁት» አለች። «አሉ ልበል?» ሰዉ ሳቀ፤ ይኼኛው ሳቅ ደግ ነበር። ሳጥኑን ነካችው። ያለኔ እርዳታ ሌላ ስም ፈለገች፣ ነካች፤ ሌላም ደገመች። ከዚያ ያላሳየኋትን አንዲት ነገር ራሷ አግኝታ ገጹን አስቀመጠችው። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ ፊቱን ለማየት ወደ ምክትሉ ዞርኩ።

እሱም እያጨበጨበ ነበር። ተነሣና እጁን አንሥቶ ሰዉን ጸጥ አሰኘ።

«ጋሼን ልናመሰግን ይገባል» አለ። «እኔ ተሳስቼ ነበር፤ ያኔ የተናገርኩትን በፊታችሁ አነሣለሁ። ማንም እንደሚችለው በዓይናችን አይተናል። እንግዲህ ነገሩ ይሄን ያህል ከቀለለ፣ አባታችንን በፀሐይም በዝናብም ቅጥር ሥር የምናቆማቸው ለምንድን ነው? አሥራ አንድ ዓመት ደከሙልን። ይረፉ እንጂ።»

«እውነት ነው፣ ይረፉ» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላውም ተቀበለው።

ሽንጤን ገትሬ ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? ይከብዳል ልበል? አሁን ማንም ይችለዋል ብዬ፣ ማንም እንደሚችለው አሳይቼ! ዳኛው፣ «ማን ይተካቸው?» ብለው ጠየቁ። ምክትሉ እጁን ወደ ጠረጴዛው ዘርግቶ፣ «እዚያው ቆማ የለም እንዴ?» አለ። ሰዉ እንደገና አጨበጨበ። ሴትየዋ እምቢ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ልማዱም እንዲያ ነው፣ ሦስት ጊዜ እምቢ ይባላል። እሷ ግን ላፕቶፑን እያየች በመጀመሪያው፣ «እሺ» አለች።

ሰው ሲበተን ምክትሉ በአጠገቤ አለፈ። ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ከላፕቶፑ የጎደለ ዕቃ የለም አይደል?» አለኝ። የላፕቶፑን ቻርጀር መጠቅለል ያዝኩ።

ሰኞ ጠዋት ሴትየዋ ልትረከብ ቤቴ መጣች። የጌሾ ማዳበሪያዋን ደጅ አስቀምጣ ገባች። መዝገቡን ሰጠኋት፣ ቻርጀሩን ሰጠኋት። ላፕቶፑን ከፍታ የይለፍ ቃሉን ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችውና ፊደል በፊደል እያየች ነካካችው። አልከፈት አላት። እንደገና ሞከረች፤ አልከፈት አለ። አንዱን ቁጥር ሆነ ብዬ አሳስቼ ነበር የነገርኳት።

ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ሄዳ ጉባኤ ፊት አልቻልኩም ትላለች ብዬ። በርጩማውን ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን ያስነሡኝ ለምንድን ነው?»

«ጎበዝ እንደሆንሽ ስለማውቅ ነው።»

«አይደለም። እሷ ከቻለችው ማንም ይችለዋል ብለው ነው» አለች። በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም። «ባለቤቴ ባረፈ ጊዜ ቦታው ለኔ ተላልፏል፣ በደንባችን አለ። እርስዎ ስሙን አልለወጡትም። እነዚያ ሦስት ቀብሮች ላይ ነበርኩ ጋሼ፣ ሦስቱም ላይ። የእሱን ስም ሲጠሩ ‹አለሁ› ብያለሁ። በሦስተኛው ቀን እንዲያውም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ከፊትዎ እንደዚህ ቅርብ ቆሜ። የወንድ ድምፅ ነበር የሚጠብቁት፤ ቀና ብለው አላዩኝም።»

ሦስተኛውን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። ዝናብ ያካፋ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ መዝገቡ እንዳይረጥብብኝ በጋቢዬ ጥግ ከልዬው ነበር። እሷ ትዝ አላለችኝም።

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ቀን እጠብቅ ነበር» አለች። «ሲያስነሡኝ ቀኑ መጣ። እሺ ያልኩትም ለዚህ ነው።»

ላፕቶፑን ወደኔ ገፋ አድርጋ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። ሰኞ ገበያ አላት፤ ማዳበሪያዋ ደጅ ነው። ግን የምትቸኩል አትመስልም። ትክክለኛውን ቁጥር ነገርኳት። መዳፏ ላይ የጻፈችውን በምራቋ አጥፍታ አዲሱን ጻፈች፤ ከፈተላት። ስም ዝርዝሩን ነክታ የባሏን ስም ፈለገች፣ ሰርዛ በቦታው የራሷን ስም በቀስታ ጻፈች። ከዚያ እያየኋት የሦስቱንም ቀን ሳጥን አንድ በአንድ ነካች።